ለጉድጓድ ፓምፕ መቆጣጠሪያ አስተማማኝ ቡትሎደር፦ ድሬዳዋ ላይ መብራት ቢሄድም የማይሞት የፈርምዌር ማሻሻያ

ድሬዳዋ ዙሪያ የአትክልት እርሻም ሆነ ከከተማው ወጣ ያለ ግቢ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሚያወጣው ከጉድጓድ ነው። ከፓምፑ አጠገብ በብረት ሳጥን ውስጥ ማይክሮኮንትሮለር፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ሞደምና ሪሌ ያለበት ቦርድ ብንገጥም ባለቤቱ በስልኩ ፓምፑን ያስነሳል፤ ውኃው ሲጎድል ቦርዱ ራሱ ያጠፋል። ቦርዱን ሠርቶ መግጠም የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከተገጠመ በኋላ ስህተት ይገኝበታል፣ ባለቤቱ አዲስ ነገር ይጠይቃል፣ ፈርምዌሩን፣ ማለትም ቦርዱ ላይ የሚሄደውን ፕሮግራም፣ መቀየር የግድ ይሆናል። ላፕቶፕና ኤስቲ-ሊንክ (ፕሮግራም ወደ ቺፑ የሚጭነውን መሣሪያ) ይዞ በባጃጅ መዞር ለአምስት ቦርድ ያስኬዳል። ለሃምሳ ቦርድ፣ ያውም በግንቦት ፀሐይ፣ አቦ ይቅርብን።

ስለዚህ ማሻሻያው በሞደሙ በኩል ይምጣ እንላለን። ያን ጊዜ ሁለት አደጋ አብሮ ይመጣል። አንደኛው ማንም ሰው የራሱን ፈርምዌር ወደ ቦርዳችን ሊልክ መቻሉ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ማሻሻያው ግማሽ ላይ ተቋርጦ ቦርዱ ደንዝዞ መቅረቱ። ለመጀመሪያው መፍትሔው ዲጂታል ፊርማ ነው፤ ሰው ስለ ቡትሎደር፣ ማለትም ቺፑ ሲነሳ ቀድሞ ስለሚሠራውና ፈርምዌሩን አረጋግጦ ስለሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም፣ ሲያወራም በአብዛኛው ስለ እሱ ብቻ ነው የሚያወራው። እውነቱን ለመናገር ፊርማው ዛሬ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው፤ ወስዶ መጠቀም ብቻ ነው። ጊዜያችሁን የሚበሉት ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ በማሻሻያው መሃል መብራት ሲሄድ ቦርዱ ምን ይሆናል? የመፈረሚያው ቁልፍስ ማን እጅ ነው ያለው? ይህ መመሪያ የሚቆየውም እነሱ ላይ ነው።

ሲ ቋንቋ የምታውቁና ከዚህ በፊት አንድም ጊዜ ቢሆን ኤስቲኤም32 ላይ ፕሮግራም የጫናችሁ ናችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ቺፑን ምረጡ

በርካሽ የሚገኘው ብሉ ፒል የሚባለው ቦርድ ኤስቲኤም32 ኤፍ103 ነው፤ ፍላሹ 64 ኪሎባይት ነው። ለመማሪያ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ሁለት ሙሉ ፈርምዌር ጎን ለጎን ለማስቀመጥ አይበቃም፣ የፍላሹ የንባብ መከላከያ እንዴት እንደሚታለፍ እ.ኤ.አ. በ2020 በይፋ ታትሟል፣ ገበያ ላይ ያለው ደግሞ ብዙው አስመስሎ የተሠራ ነው።

እዚህ የምጠቀመው ኤስቲኤም32 ኤል476 ነው። ኮርቴክስ-ኤም4፣ 1 ሜጋባይት ፍላሽ፣ 128 ኪሎባይት ራም አለው። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመን ፍላሹ ሁለት ባንክ መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ 512 ኪሎባይት ነው፤ ከአንዱ ባንክ ፕሮግራሙ እየሄደ በሌላው ላይ መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ማሻሻያው ሲወርድ ፓምፑ አይቆምም። ኢኤስፒ32 ለለመደ ሰው መንገዱ ሌላ ነው፤ የራሱ የሴኪዩር ቡትና የኢፊዩዝ አሠራር አለው። ስለ ቁልፍ፣ ስለ መብራትና ስለ ፍተሻ ከታች የምለው ግን ለእሱም ይሠራል።

2. ፍላሹን ከፋፍሉ

ወረቀት ላይ ሥሩት። ከሁሉም ነገር በፊት የሚወሰነው ይህ ነው፤ ቦርዶቹ ከተሰራጩ በኋላም መቀየር አይቻልም ማለት ይቀላል።

ከመጀመሪያው አድራሻ፣ ማለትም በሄክስ 08000000፣ ጀምሮ 64 ኪሎባይት ለቡትሎደሩ ስጡ። ከ08010000 ጀምሮ 448 ኪሎባይት አንደኛው ስሎት ነው፤ ሥራ ላይ ያለው ፈርምዌር የሚቀመጠው እዚህ ነው። ከ08080000 ጀምሮ ሌላ 448 ኪሎባይት ሁለተኛው ስሎት ነው፤ አዲሱ ወርዶ የሚያርፍበት። የቀረው 64 ኪሎባይት ለቅንብርና ለመዝገብ ነው። ሁለተኛው ስሎት ልክ ሁለተኛው ባንክ መጀመሪያ ላይ ማረፉን ልብ በሉ፤ በአጋጣሚ አይደለም።

የቡትሎደሩ 64 ኪሎባይት ሊበዛ ይችላል፤ ግማሹም ሊበቃው ይችል ይሆናል። ቢሆንም ጠባብ ከማድረግ ማስፋት ይሻላል፤ ነገ የምትጠቀሙበት የኮድ ላይብረሪ ቢሰፋ የምታሰፉበት ቦታ የለም።

ስለ ቅንብሩ ቦታ አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ቺፕ ፍላሽ አንዱ ፔጅ (በአንድ ጊዜ የሚጠፋው ክፍል) 2 ኪሎባይት ነው፤ አምራቹ የሚያረጋግጠውም 10,000 ጊዜ ያህል ጠፍቶ መጻፍን ነው። በየደቂቃው የፓምፑን ሰዓት ቆጣሪ አንድ ፔጅ እያጠፋችሁ ብትጽፉ 10,000ውን በሳምንት ትጨርሱታላችሁ። እያዟዟራችሁ ጻፉ፣ ወይም በሰዓት አንድ ጊዜ ይብቃችሁ።

3. ቁልፉን ፍጠሩ፣ አስቀምጡ

ቡትሎደሩን ከባዶ አትጻፉ። ኤምሲዩቡት የሚባል ነፃ ቡትሎደር አለ፤ ዚፈር ከሚባለው የትናንሽ ቺፖች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር አብሮ ይሠራል፤ ብዙ ዓይን አይቶታል። ከእሱ ጋር የሚመጣው መፈረሚያ መሣሪያ አይኤምጂቱል ይባላል፤ ቁልፍ የሚፈጥረውም እሱ ነው። ኢሲዲኤስኤ ፒ-256 የሚለውን የፊርማ ዓይነት ምረጡ። ፊርማው 64 ባይት ያህል ነው፤ እንዲህ ባለ ቺፕ ላይ ማረጋገጡም አያስቸግርም።

ሁለት ቁልፍ ይወጣል። የግል ቁልፉ ይፈርማል፤ ከእናንተ ጋር ይቀራል። ይፋዊው ቁልፍ ያረጋግጣል፤ በየቦርዱ ቡትሎደር ውስጥ ይገባል። ማንም ቦርዱን ሰብሮ ይፋዊውን ቁልፍ ቢያወጣ ምንም አያገኝም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ቦርድ ውስጥ አንድ ዓይነት ምስጢራዊ ቁልፍ አስቀምጦ በእሱ ማረጋገጥም ይቻላል፤ ፊሊፕስ ሂዩ የተባሉት አምፖሎች የሠሩት እንደዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች የአንዱን አምፖል የኤሌክትሪክ ፍጆታ እየለኩ ያንን ቁልፍ አወጡት፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉም አምፖል ተቀባይነት ያለው ፈርምዌር መሥራት ቻሉ።

ሲአርሲ (ዳታ በመንገድ መበላሸቱን የሚፈትሽ ቁጥር) አለኝ የሚልም አይጠፋም። ሲአርሲ ኬላ ላይ ጆንያ እንደ መቁጠር ነው፤ በመንገድ የጎደለ ካለ ይነግራችኋል፤ ጭነቱ የማን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ፊርማ ማኅተሙን ማየት ነው።

ከኤምሲዩቡት ጋር ለሙከራ የሚመጡ ቁልፎች አሉ። እነሱን እንዳትጠቀሙ። የግል ቁልፎቹ ለዓለም ሁሉ በይፋ ተቀምጠዋል፤ በእነሱ የተፈረመ ፈርምዌር አልተፈረመም ማለት ነው። ግንባታው ግን በእነሱም ያልፋል፤ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። የቡትሎደሩን ቅንብር ከፍታችሁ የቁልፉ ፋይል የራሳችሁ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ።

ለእያንዳንዱ የምርት ዓይነት የተለየ ቁልፍ ፍጠሩ። የፓምፕ መቆጣጠሪያውና የውኃ ታንከር መለኪያው በአንድ ቁልፍ ከተፈረሙ አንድ ቀን የአንዱ ወደ ሌላው ይላካል፤ ፊርማው ትክክል ስለሆነም ቡትሎደሩ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ሎክስቴት የተባለ የበር ቁልፍ አምራች ለአንዱ ሞዴል የተዘጋጀውን ፈርምዌር ወደ ሌላ ሞዴል ልኮ 500 ገደማ በሮች ከሥራ ውጭ ሆነውበታል። ቁልፉ የተለያየ ከሆነ ይህንን ቡትሎደሩ ራሱ ይከለክላል፤ አንድ መስመር ኮድ ሳትጨምሩ።

አሁን የግል ቁልፉ የት ይቀመጥ? በየቀኑ ኢንተርኔት የምትጠቀሙበት ላፕቶፕ ላይ አይሁን። ኮዱ ያለበት ጊት ውስጥማ ፈጽሞ። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን፣ ዋይፋዩ የጠፋ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር መድቡ፤ ፋይሉን በይለፍ ቃል አመስጥሩ፤ የሚፈረመውን በፍላሽ ዲስክ አምጡ፣ የተፈረመውን ይዛችሁ ውጡ። ያሰለቻል፤ ግን ፈርምዌር በየቀኑ አይለቀቅም።

ቁልፉ ቢጠፋስ? የግል ቁልፉ ከጠፋ የተሰራጩት ቦርዶች በሙሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሻሻያ አይቀበሉም፤ ወደ ባጃጁና ወደ ኤስቲ-ሊንኩ ተመለሳችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ቅጂ ያስፈልጋል፤ ቅጂውም እዚያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ መሆን የለበትም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ሌሊት ከተማው ላይ ሲገባ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው፤ ንብረቱንማ ማን ቆጠረው። ሱቃችሁ ለወንዙ ቅርብ ከሆነ አንዱን የተመሰጠረ ቅጂ ሐረር ያለ የምታምኑት ዘመድ ጋ በታሸገ ፖስታ አስቀምጡ። የይለፍ ቃሉ ከእሱ ጋር አይሂድ።

ከመጀመሪያውም ሁለት ይፋዊ ቁልፍ ቡትሎደሩ ውስጥ ብትከቱ የተሻለ ነው፤ ኤምሲዩቡት ይፈቅዳል። ሁለተኛው ተጠባባቂ ነው፤ ጥንዱ የሆነው የግል ቁልፍ ከሐረሩ ፖስታ አይወጣም። አንደኛው ቢጠፋባችሁ በሁለተኛው ትፈርማላችሁ።

4. ቡትሎደሩን አዋቅሩ

የመለዋወጫ ዘዴውን ስትመርጡ በላዩ ላይ የሚጽፈውን ተዉት። እሱ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ግን አዲሱ ካልሠራ አሮጌው የለም። ስዋፕ ዩዚንግ ሙቭ የሚለውን ያዙ። አንደኛውን ስሎት በአንድ ፔጅ ወደ ላይ ያንሸራትትና ከዚያ ፔጅ በፔጅ ከሁለተኛው ጋር ይለዋውጣል። የት እንደደረሰ በስሎቱ ግርጌ እየመዘገበ ነው የሚሄደው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥር አስተካክሉ። የእኛ ስሎት 448 ኪሎባይት፣ ፔጁ 2 ኪሎባይት ነው፤ 224 ፔጅ ይሆናል። ኤምሲዩቡት በአንድ ስሎት የሚቀበለው የፔጅ ብዛት ካልተነካ ብዙውን ጊዜ 128 ነው። 256 አድርጉት፤ አለዚያ ቡትሎደሩ ማሻሻያውን እምቢ ይላል፣ ለምን እንዳለም ለማወቅ ስታፈላልጉ ይመሻል። ሁለተኛው የግርጌው መጠን ነው። ይህ ፍላሽ በአንድ ጊዜ የሚጻፍበት 8 ባይት ነው፤ ለእያንዳንዱ ፔጅ ሦስት ምልክት ስለሚያዝ 256 በ3 በ8 ሲባዛ 6,144 ባይት ይመጣል። ይህ ሦስት ፔጅ ነው፤ በላዩ ላይ ትንሽ ተጨማሪ መረጃና ለማንሸራተቻ የሚሆን አንድ ባዶ ፔጅ አለ። ስለዚህ ፈርምዌራችሁ 448ቱን ሙሉ አይሞላም። በ430 ኪሎባይት ውስጥ አቁሙት።

ዎችዶጉንም፣ ማለትም ፕሮግራሙ በየጊዜው ካልመገበው ቺፑን ሪሴት የሚያደርገውን ሰዓት፣ አስቡበት። አንድ ፔጅ ለማጥፋት 22 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ለመጻፍም ወደዚያው ነው። ሙሉ ስሎት ሲለዋወጥ በአንድ ፔጅ ሦስት ማጥፋትና ሦስት መጻፍ ስላለ ጠቅላላው 30 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። የዚህ ቺፕ ራሱን የቻለው ዎችዶግ ደግሞ ቢበዛ የሚታገሠው 32 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ሰዓቱም በሙቀት የሚዋዥቅ ነው። ሳጥኑ ውስጥ በሚፈላው የድሬ ሙቀት ይቺን ልዩነት አትመኑ። በየፔጁ ዎችዶጉን መመገብ የሚለውን አማራጭ አብሩ። ዎችዶጉ አንዴ ከተነሳ ማጥፋት ስለማይቻል ዋናው ፈርምዌርም እንደተነሳ ወዲያው ሊመግበው ይገባል።

ወደ ዋናው ፈርምዌር መዝለሉን፣ ማለትም የስታኩን አድራሻ መጫኑን፣ የኢንተራፕት ሰንጠረዡን ማዛወሩን፣ ኤምሲዩቡት ይሠራዋል። የእናንተ ድርሻ ፈርምዌሩን ከስሎቱ መጀመሪያ በኋላ 512 ባይት ዘሎ እንዲያርፍ ሊንክ ማድረግ ነው። ሲፈረም ከፈርምዌሩ ፊት የሚቀመጠው የመረጃ ራስጌ ራሱ 32 ባይት ነው፤ ነገር ግን የዚህ ቺፕ የኢንተራፕት ሰንጠረዥ በ512 ልክ የተደረደረ አድራሻ ላይ ካላረፈ አይሠራም።

5. ፈርሙ

ፈርምዌሩን ገንብታችሁ ያገኛችሁትን ባይነሪ ፋይል ለአይኤምጂቱል ስትሰጡ አምስት ነገር ይጠይቃችኋል፦ የግል ቁልፉ፣ የራስጌው መጠን 512፣ አሰላለፉ 8፣ የስሎቱ መጠን 458752፣ እና የስሪቱ ቁጥር። ከፈረማችሁ በኋላ በዚያው መሣሪያ መልሳችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያ ብቻ ወደ ሰርቨሩ ይሂድ።

ፊርማ ኮዱን እንደማይደብቅ እወቁ። ለመደበቅ ማመስጠር ያስፈልጋል፤ ኤምሲዩቡት እሱንም ያውቃል። ለፓምፕ መቆጣጠሪያ ግን እኔ አያስፈልግም እላለሁ። አንድ ተጨማሪ ቁልፍ፣ አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ነገር ነው።

6. መብራት ሲሄድ

ድሬ ላይ መብራት ይሄዳል፤ ሄዶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ መጥቶ የሚሄድበት ቀንም አለ። ከሙሉ መቋረጥ ይልቅ ቦርዱን የሚጎዳው ይህኛው ነው።

በመጀመሪያ ብራውን-አውት ሪሴት የሚባለውን ከኦፕሽን ባይቶቹ (የቺፑ ቅንብር ከሚቀመጥባቸው ባይቶች) ውስጥ አግኙና ከፍተኛው ደረጃ ላይ አድርጉት፤ በኤል4 (የእኛ ቺፕ ቤተሰብ) ይህ 2.8 ቮልት ገደማ ነው። ቮልቴጁ ከዚያ ሲወርድ ቺፑ ሳይወላውል ይቆማል። ካልተደረገ በደከመ ቮልቴጅ ውስጥ ሆኖ ያልታሰበ ቦታ ላይ ሊጽፍ ይችላል።

ቀጥሎ ኮንደንሰር። ብዙ ሰው ትልቅ ኮንደንሰር የሚያስቀምጠው 12 ቮልቱን ወደ 3.3 ከሚያወርደው ከሬጉሌተሩ በኋላ፣ ከቺፑ አጠገብ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ቺፑና አጃቢዎቹ 30 ሚሊአምፐር ይወስዳሉ እንበል። 2,200 ማይክሮፋራድ በ3.3 ቮልቱ በኩል ቢቀመጥ ከ3.3 ወደ 2.8 እስኪወርድ ያለው ጊዜ 37 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ያንኑ ኮንደንሰር ከሬጉሌተሩ በፊት፣ በ12 ቮልቱ በኩል ብታደርጉት ግን ከ12 ወደ 7 ለመውረድ ከ360 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በተመሳሳይ ዕቃ አሥር እጥፍ ጊዜ አገኛችሁ ማለት ነው። ሞደሙ በዳዮድ ተለይቶ የራሱ መስመር ይኑረው፤ የሁለተኛው ትውልድ ሞደም ሲያስተላልፍ ለአፍታ እስከ 2 አምፐር ስለሚስብ ያጠራቀማችሁትን በቅጽበት ይጠጣዋል። ኮንደንሰሩ 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን። የኤሌክትሮላይቲክ ኮንደንሰር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል፤ የእኛ ሳጥኖች ደግሞ ፀሐይ ላይ ናቸው።

የ12 ቮልቱን መስመር በሁለት ሬዚስተር ከፋፍላችሁ ወደ ቺፑ የአናሎግ መግቢያ አምጡት። ቡትሎደሩ አዲስ ፔጅ ከመጀመሩ በፊት ይህንን ይለካል፤ ከ10 ቮልት በታች ከሆነ አይጀምርም፣ ይጠብቃል። ከ10 ወደ 7 እስኪወርድ ያለው 220 ሚሊሰከንድ የጀመረውን ፔጅ ለመጨረስ ይበቃል።

የ30 ሰከንዱን ልውውጥ ኮንደንሰር አይሸከምም፤ የሚሸከመው ካቆመበት የሚቀጥለው የኤምሲዩቡት ዘዴ ነው። ታዲያ ኮንደንሰሩ ለምን? መልሱ ፍላሹ ውስጥ ነው። ኤል4 እያንዳንዱን 8 ባይት ከስህተት ማረሚያ ኮድ ጋር ያስቀምጣል። መጻፉ ግማሽ ላይ ከተቋረጠ ያ 8 ባይት የማይታረም ስህተት ሊሆን ይችላል፤ በኋላ ሲነበብም ቺፑ ኤንኤምአይ የሚባለውን የማይታገድ ኢንተራፕት ያስነሳል። ብዙ ጊዜ ከአምራቹ ኮድ ጋር የሚመጣው የኤንኤምአይ ተቀባይ ባዶ ሆኖ የሚሽከረከር ሉፕ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ቡትሎደሩ ግርጌውን ሊያነብ ይሞክራል፣ ኤንኤምአይ ይነሳል፣ ሉፕ ውስጥ ይገባል፣ ዎችዶጉ ሪሴት ያደርገዋል፣ እንደገና ያነባል። ፊርማው ትክክል፣ ቁልፉ ትክክል፣ ቦርዱ ግን ሞቷል።

ስለዚህ ቡትሎደሩ ውስጥ የራሳችሁን የኤንኤምአይ ተቀባይ ጻፉ። የፍላሹን የስህተት ሬጅስተር ያይ፤ የማይታረም ስህተት ምልክቱ በርቶ ከሆነ ምልክቱን ያጥፋ፣ «ይህ ንባብ አልተሳካም» የሚል ባንዲራ ያንሳና ይመለስ። የፍላሽ ማንበቢያው ፈንክሽን ባንዲራውን ካየ ያንን ቦታ እንዳልተጻፈ ባዶ ቦታ አድርጎ ይቁጠረው። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ ብትባሉ ይህንን አንቀጽ ውሰዱ።

7. አዲሱ ፈርምዌር ራሱን ያጽድቅ

ኤምሲዩቡት አዲሱን የሚያስነሳው ለሙከራ ነው። ፈርምዌሩ «ደህና ነኝ» ብሎ ካላጸደቀ በሚቀጥለው ሪሴት አሮጌው ይመለሳል። ጥያቄው መቼ ያጽድቅ የሚለው ነው። ዋናው ፈንክሽን እንደጀመረ ማጽደቅ ከንቱ ነው፤ ሞደሙን የማያስነሳ ፈርምዌር ያጸድቅና ለዘላለም ከእጃችሁ ይወጣል።

የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ ይህ ፈርምዌር የሚቀጥለውን ማሻሻያ ማውረድ ይችላል? ሞደሙ ኔትወርክ ላይ ይመዝገብ፣ ከሰርቨሩ ጋር ይገናኝ፣ አንዲት ትንሽ የሙከራ ቁራጭ ያውርድና ሃሹን (የይዘቷን አሻራ ቁጥር) ያረጋግጥ። እስከዚያ ድረስ ከሄደ የቀረው ስህተት ሁሉ ከርቀት ይታረማል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልቻለ ራሱን ሪሴት ያድርግና ይመለስ።

ታዲያ ጥሩው ፈርምዌር ሳያጸድቅ መብራት ቢሄድስ? ይመለሳል፤ ምንም አይደለም። ኔትወርክ ስለሌለም ይመለስ ይሆናል። ሰርቨሩ ቦርዱ በአሮጌው ስሪት ሲመጣ ያያል፣ እንደገና ያቀርባል። ሦስት ጊዜ ከተመለሰ ግን ያቁምና ሰው ይጥራ፤ አለዚያ ሲምካርዱ ላይ ያለው ዳታ በማውረድ ብቻ ያልቃል።

ወደ አሮጌ ስሪት መመለስን ስለመከልከልም አስቡ። ቀዳዳ የነበረበት የቆየ ፈርምዌር የእናንተው ፊርማ አለበት፤ ያንን ይዞ የሚመጣ ሰው ቡትሎደሩን አልፎ ይገባል። መከላከያው የደኅንነት ቆጣሪ ነው፤ ከቆጣሪው በታች ያለ ፈርምዌር አይነሳም። ቆጣሪው ከስሪቱ ቁጥር የተለየ ይሁን፤ የሚጨመረውም የደኅንነት ቀዳዳ ሲደፈን ብቻ ነው፤ ቦርዱ ላይ ከፍ የሚለውም አዲሱ ካጸደቀ በኋላ ነው። አስቀድማችሁ ከፍ ካደረጋችሁት መመለሻውን ራሳችሁ ዘጋችሁት።

8. ማውረዱ

ይህ ቀላሉ ነው። በ1 ኪሎባይት ቁራጭ እየጠየቃችሁ ሁለተኛው ስሎት ላይ ጻፉ፤ የደረሳችሁበትን መዝግቡ፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ከዚያ ቀጥሉ። በተመሰጠረ መስመር ቢወርድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መስመሩ የፊርማን ቦታ አይተካም፤ ሰርቨራችሁ ራሱ ቢሰበር የሚያድናችሁ ፊርማው ነው። ልውውጡ የሚጠየቀው ፓምፑ ቆሞ ባለበት ጊዜ ይሁን፤ በእነዚያ 30 ሰከንዶች ሪሌውን የሚቆጣጠር የለም። ቺፑ ሪሴት ላይ ሲሆን ሪሌው ክፍት ሆኖ እንዲቀር ፒኑን በሬዚስተር ወደ ታች ሳቡት።

9. ሆን ብላችሁ አበላሹት

ከመቆለፋችሁ በፊት ቦርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ጠላቱ ሁኑ። የተፈረመ ፋይል ውሰዱና አንድ ቢት ገልብጡ። በሌላ ቁልፍ ፈርሙ። ግማሹን ቆርጣችሁ ላኩ። ራስጌው ላይ ያለውን የመጠን ቁጥር ከስሎቱ የሚበልጥ አድርጉት። የታንከር መለኪያውን ፈርምዌር ላኩ። ዎችዶጉን የማይመግብ፣ ቀጥሎም ሞደሙን የማያስነሳ ፈርምዌር ላኩ። በሁሉም ላይ አሮጌው ሲሠራ መገኘት አለበት።

ከዚያ የመብራቱ ፈተና። የቦርዱን 12 ቮልት በሌላ ሪሌ በኩል አሳልፉት፤ ሪሌውን ከላፕቶፕ በትንሽ ስክሪፕት አዙ። ስክሪፕቱ ማሻሻያ ያስጀምራል፣ በዘፈቀደ በተመረጠ ቅጽበት ኃይሉን ይቆርጣል፣ ይመልሳል፣ ከቦርዱ የሚመጣውን የስሪት ቁጥር ያነብባል። ሌሊቱን ሙሉ ይሂድ። ኮንደንሰሩን ነቅላችሁም ድገሙት፤ የኤንኤምአይ ተቀባያችሁ የሚፈተነው ያኔ ነው። ኃይሉን ቶሎ ቶሎ እያቆራረጠ የሚመልስ ዙርም ይኑረው። አንድ ጊዜ እንኳ ከሁለቱ ስሪቶች አንዱን ሳይናገር ዝም ካለ ምክንያቱን ሳታገኙ አትለፉ፤ «እንደገና አልተደጋገመም» ማለት አልታረመም ማለት ነው።

10. ቆልፉ

በኤስቲኤም32 ኪዩብ ፕሮግራመር የኦፕሽን ባይቶቹን ክፈቱ። በመጀመሪያ የጽሑፍ መከላከያውን ከፔጅ 0 እስከ 31 አድርጉ፤ ይህ የቡትሎደሩ 64 ኪሎባይት ነው። ከዚያ የንባብ መከላከያውን ደረጃ 1 ላይ አድርጉ፤ ኃይሉን ነቅላችሁ መልሱ፤ ዲባገሩ (ኤስቲ-ሊንኩ) ተሰክቶ ሳለ ተራ ሪሴት ብቻ አይበቃም።

ደረጃ 1 ላይ ፍላሹ በዲባገር አይነበብም። ወደ ደረጃ 0 መመለስ ይቻላል፤ ሲመለስ ግን ፍላሹ በሙሉ ይጠፋል። ደረጃ 2 ዲባገሩን ለዘለዓለም ይዘጋል፤ ኦፕሽን ባይቶቹም ከዚያ በኋላ አይነኩም፤ መመለሻ የለውም፤ አምራቹም አይከፍተውም።

ደረጃ 2 ይሻላል የሚሉ አሉ። ምክንያታቸውም ትክክል ነው፦ ደረጃ 1 ላይ ያለን ቦርድ ያገኘ ሰው ሁሉንም አጥፍቶ የራሱን መጫን ይችላል። ግን ለፓምፕ አስቡት። ሳጥኑን ከፍቶ ኤስቲ-ሊንክ የሚሰካ ሰው ሪሌውን በአንዲት ሽቦ ቢያገናኝስ ማን ይከለክለዋል? የበር መቆለፊያ ወይም የክፍያ መሣሪያ ብትሠሩ ደረጃ 2 የግድ ነው። ለዚህኛው እኔ ደረጃ 1 ላይ እቆማለሁ፤ ተበላሽቶ የመጣ ቦርድ ቺፑ ተነቅሎ ሳይጣል አጥፍቶ እንደገና መጫን ይቻላል። ዋናው ፈርምዌር ውስጥ ግን ኦፕሽን ባይት የሚጽፍ ኮድ አንድም አይኑር፤ ደረጃ 1 ላይ ከውስጥ የሚሄድ ኮድ የጽሑፍ መከላከያውን ሊያነሳ ይችላል።

11. ልቀቁ

የመጀመሪያው ቦርድ የራሳችሁ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው በባጃጅ ቶሎ የምትደርሱበት፣ ሳቢያን ወይም ለገሀሬ ያለ፣ ባለቤቱ የሚታገሣችሁ ይሁን። እዚያ ጥቂት ቀን ይቆይ። ከዚያ ጥቂት፣ ከዚያ የቀሩት።

ብዙ ሰው ማሻሻያ ሌሊት ይላካል ይላል። እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ እመርጣለሁ፤ የጠዋቱ ማጠጣት አልቋል፣ ፓምፑ ቆሟል፣ ፀሐዩም ሳይከር አንድ ቦርድ ቢያስቸግር ደርሶ መመለስ ይቻላል። ሐሙስና ዓርብ አትላኩ።

ለለቀቃችሁት ስሪት ሁሉ የተፈረመውን ፋይል፣ ያልተፈረመውን፣ የዲባግ መረጃ ያለበትን ፋይልና የኮዱን የጊት መለያ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። የትኛው ቦርድ የትኛው ስሪት ላይ እንዳለ፣ የትኛውን ይፋዊ ቁልፍ እንደያዘ የሚያሳይ ሰንጠረዥም ይኑር፤ የቦርዱ መለያ ቁጥር ከሳጥኑ ውጭ ሳይሆን ከክዳኑ ውስጥ ይለጠፍ፤ ውጭ ያለውን ፀሐይ በአንድ በጋ ያጠፋዋል።